ከማህፀን ኦፕራሲዮን በኋላ ጀሪካኑን ማን ይሸከማል?

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ሰባት ልጆች ወልዳለች፤ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። ማህፀኗ እየወጣ ለዓመታት ስትሰቃይ ለማንም አልተናገረችም፤ እኔ ያወቅሁት አዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነው። የካቲት 28 ኦፕራሲዮን ሆነች። ማህፀኗ በታች በኩል ተቆርጦ እንደወጣ፣ የብልቷ የፊትና የኋላ ግድግዳም እንደተሰፋ ነገሩን፤ በሦስተኛው ቀን ይዣት ወጣሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ተነስታ ትራመዳለች፤ “ድኛለሁ፣ አገሬ ላኩኝ” ትላለች። ግን ደም የቀላቀለ ፈሳሽ አላቆመም፤ ትናንት ደግሞ ሞዴሱ ላይ የክር ቁራጭ አየሁ። ስፌቱ ተፈቶ ይሆን? ከተቀመጠች አራት ቀኗ ነው፤ ሆዷ ደርቋል። ቀኝ መቀመጫዋን ውስጥ ውስጡን ይወጋታል። የምትወስደው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻና የደም ማነስ ኪኒን ነው። ጾሙን አልፈታም ብላለች። ጎረቤቶች “ወይባ ትሙቅ፣ ጸበል ትግባ” ይሉኛል። አገር ቤት ውሃ የምትቀዳውም የምትጋግረውም እሷ ናት፤ ታናሽ ወንድሜና አባቴ ናቸው አብረዋት ያሉት። ለአባቴስ የመኝታውን ነገር ማን ይነግረዋል? እኔ አፌን ሞልቼ ልነግረው አልችልም።

መልስ፦ እህታችን፣ ያስደነገጠሽ ክሩ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። የክር ቁራጭ መውደቁ ብቻውን ስፌቱ ተፈታ ማለት አይደለም። ብልት ውስጥ የሚሰፋበት ክር ሟሙቶ የሚጠፋ ዓይነት ነው፤ ማንም ተመልሶ አያወጣውም። እየሟሟ ሲሄድ ጫፎቹና ቋጠሮዎቹ ተቆርጠው ይወርዳሉ፤ እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ አልፎ አልፎ ቁራጭ ብታዪ አትደንግጪ። ጫፉ ተንጠልጥሎ ከታየ ግን አትጎትቱት፣ በመቀስም አትቁረጡት።

ፈሳሹም የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቀላ ያለ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ እየሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረ ያረጀ ደም ከአሥረኛው ቀን በኋላ ጠቆር ብሎ ጥቂት ሊወርድም ይችላል። ሞዴሱን በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ቀይሩ። ጨርቅ የሚጠቀሙ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን፤ ከውጭ ብቻ ነው የሚደረገው። ወደ ውስጥ ምንም አይገባም፦ ጨርቅም፣ ጥጥም፣ ጣትም፣ ቅባትም፣ የመታጠቢያ ውሃም። ከውጭ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ይበቃል፤ ጨውም ዲቶልም አያስፈልግም። ጣትን የጠቀስነው በምክንያት ነው። የወጣውን በእጇ መመለስ ለዓመታት የለመደች ሴት ከኦፕራሲዮን በኋላም “ተመልሶ ወጣ?” ብላ መንካቷ አይቀርም። ውስጡ ገና አብጧል፤ የስፌቱ መስመርም እንደ እብጠት ይዳሰሳል። እናትሽ ይህን ነክተው “ያው ነው፣ አልዳንኩም” ብለው በልባቸው ይዘውት እንዳይከርሙ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል።

አሁን ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጠውን ለይተሽ ያዢ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በደም ከራሰ፣ ወይም ትልልቅ የደም ጓል ከወረደ ሳታመነቱ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ በኢንፌክሽን የተነሳ ድንገት የሚጀምር መድማት አለ፤ “ደህና ሆና ነበር” ብሎ መጠበቅ ያኔ ነው የሚያሳስተው። ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፈሳሹ ሲገማ፣ የሆድ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ሲብስ፣ ማስታወክ ሲጀምር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሽንት እምቢ ሲል፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ሲያም፣ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር እንዲሁ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በእግር ሥር ደም የረጋ ወደ ሳንባም የሄደ እንደሆነ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው፤ እናትሽ ተነስተው መራመዳቸውን የምንወድላቸውም ለዚህ ነው። ቀን በቀን አምስት አሥር ደቂቃ፣ ሦስት አራት ጊዜ፣ እየጨመሩ ይራመዱ። ከአልጋ ሲነሱ ግን በጎን ተገልብጠው፣ እግራቸውን አውርደው፣ በክንዳቸው ገፍተው እንጂ በሆዳቸው ጉልበት ቀጥ ብለው አይነሱ።

ስለ ሽንትም ለይተሽ ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ጥቂት ሽንት ማምለጡ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ አዲስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወደ ታች የተንሸራተተው አካል የሽንቱን ቱቦ አጥፎት ስለነበር ድክመቱ ተሸፍኖ ኖሯል፤ ሲስተካከል ተገለጠ። ይህ አያጣድፍም፤ በቀጠሮ ቀን ይነገራል፣ መፍትሔም አለው። ሽንት ቀንና ሌሊት፣ ሳያስሉም፣ ተኝተውም፣ በብልት በኩል ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ፊኛ ወይም የሽንት ቱቦ ተጎድቶ የተከፈተ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ወዲያውኑ ኦፕራሲዮን ወደተደረጉበት ሆስፒታል መልሻቸው። አገር ቤት ከገቡ በኋላ ቢከሰት ደግሞ ሐምሊን ፊስቱላ ባሕር ዳርም ማዕከል አለው። ሰገራ ወይም ጋዝ በብልት በኩል ቢወጣም ያው ነው፤ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም። በየቀኑ ደግሞ ሽንታቸውን ሲጨርሱ ቆም ብለው፣ መልሰው ተቀምጠው የቀረውን ያውጡ፤ ፊኛ ሙሉ በሙሉ ካልተራገፈ ቁስሉ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ይወጥራል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል።

የመቀመጫው ውጋት፦ ማህፀን ከወጣ በኋላ የብልቱ የውስጠኛው ጫፍ (ማህፀኑ ተቆርጦ የተሰፋበት) ተመልሶ እንዳይወርድ ዳሌ ውስጥ ካለ ጠንካራ ጅማት ጋር የሚሰፋበት ጊዜ አለ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ይደረጋል። የእናትሽ የመውጫ ወረቀት ላይ ይህ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቂ። ከሆነ ውጋቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ኃይለኛ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ክሩ ነርቭ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከተፈታ ነው የሚሻለው።

አሁን ከሁሉም በላይ ያሳሰበን የሆድ ድርቀቱ ነው፤ ዛሬውኑ መላ ልትፈልጊለት ይገባል። የኋላው ግድግዳ ስፌት ያለው ልክ ከሰገራ መውጫው አጠገብ ነው። ጠንካራ ሰገራ ለማውጣት ሲያምጡ ያ ሁሉ ግፊት በቀጥታ ስፌቱ ላይ ያርፋል። ምክንያቱ ደግሞ ከደብዳቤሽ ይታያል፦ ትራማዶል አንጀትን ያስተኛል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል፤ በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ካልቀመሱ አንጀት ካለው ላይ ውሃውን መጥጦ ሰገራውን ድንጋይ ያደርገዋል። ሐኪማቸውን ትራማዶሉን በፓራሲታሞል መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ሳያልፍ፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪሙ ይቀንሰዋል። የብረቱን ኪኒን በራሳችሁ አታቁሙት፤ ደማቸው ምን ያህል እንደነበር የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ማለስለሻም እንዲታዘዝ ጠይቂ፦ ላክቱሎስ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ15 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለቴ ነው፤ ካልተገኘ ቢሳኮዲል አለ፣ ማታ ተወስዶ ጠዋት ይሠራል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ተልባ አለ። የተፈጨ ተልባ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ማታ ስጪያቸው፣ ጠዋትም ድገሚ። ተልባ ሥራውን የሚሠራው ውሃ ሲጠግብ ነው፤ ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ጭራሽ ያደርቃል። በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ሊትር ማለት ነው፣ ይጠጡ። ፓፓያ፣ ጎመን፣ ምስር፣ የጤፍ እንጀራ ይረዳል፤ “አራስ ናት” ተብሎ ሦስት ጊዜ ገንፎ ብቻ ማብላት አይረዳም። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ የጉሎ ዘይት ወይም ሌላ አንጀት የሚያጥብ የባህል መድኃኒት አይሞከር፤ ኃይለኛ ተቅማጥ ከድርቀቱ የባሰ ነው። በመቀመጫ በኩል የሚገባ ማስለቀቂያም ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ሳይፈቅድ አይደረግም።

አቀማመጡም ልክ አለው። የፈረንጅ ሽንት ቤት ከሆነ ከእግራቸው ሥር 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዱካ አድርጊ፤ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ይበል፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። አፋቸውን ከፍተው ይተንፍሱ፤ ትንፋሽ ታፍኖ ነው ማማጥ የሚመጣው። ንጹሕ ሞዴስ በእጃቸው ይዘው ከብልት እስከ መቀመጫ ያለውን ቦታ ከውጭ ደገፍ ቢያደርጉት ሕመሙም ፍርሃቱም ይቀንሳል። አምስት ደቂቃ ሞክረው ካልመጣ ይነሱ፤ ቁርስ ወይም ቡና ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ፣ አንጀት የሚነቃው ያኔ ነው። አገር ቤት ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው ብለን እንገምታለን። ቁጢጥ ማለት በራሱ ሰገራ ያቀላል፤ ጉዳቱ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ሰዓት ማማጡ ነው። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጉልበትም ስለሚያንስ፣ አንድ ያረጀ የእንጨት ወንበር መሐሉን በስቶ ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ለወንድምሽ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እናትሽ “ድኛለሁ” የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ለዓመታት የተሸከሙት ነገር ስለጠፋ ሰውነታቸው ቀሏቸዋል። ነገር ግን ይህ ቁስል የማይታይ ቁስል ነው። አዲስ የተመረገ ግድግዳ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና እርጥብ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ ማንም ያን ቀን ዕቃ አይሰቅልበትም። ብልት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰፋበት ክር በአራት ሳምንት ገደማ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው አዲሱ ጠባሳ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚጠነክረው በሦስት ወር ነው። እንግዲህ በክሩ መድከምና በጠባሳው መጽናት መካከል ክፍተት አለ። ያ ክፍተት የሚመጣው ሕመሙ ሲጠፋ፣ ፊት ሲወዛ፣ ሰው ሁሉ “ተሽሏት” ሲል ነው። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይልቅ የምንፈራው ለዚህ ነው።

የካቲት 28ን መነሻ አድርገን ስንቆጥር ስድስተኛው ሳምንት ሚያዝያ 10፣ አሥራ ሁለተኛው ግንቦት 22 ላይ ይሞላል። እስከ ሚያዝያ 10 ድረስ ከሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ የከበደ ነገር አያንሱ። ጀበና፣ ሰሃን፣ ትንሽ ድስት ይቻላል። ከዚያ እስከ ግንቦት 22 ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ያህል፣ በአንድ ጊዜ አንድ። ከግንቦት 22 በኋላ እየተለማመዱ እስከ አሥር ኪሎ። ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ በገመድ ታዝሎ፣ ወገብ ታጥፎ፣ አቀበት ሲወጣ ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። እሱ ከእንግዲህ ከእናትሽ ጀርባ ላይ ቢወርድ ነው የምንመኘው፤ የእንጨት ሸክምም እንዲሁ። ይህ ሕመም በተሰፋበትም ሆነ ባልተሰፋው ግድግዳ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ከሚመልሱት ነገሮች መካከል በእጃችን ያለው ሸክሙ ነው።

ሸክም ሲባል ደግሞ ሰው የማይቆጥራቸው አሉ። የልጅ ልጅ ማዘል ሸክም ነው። በርበሬ መውቀጥ፣ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት፣ ወደ ወፍጮ ቤት እህል መውሰድ፣ በረት ጎንበስ ብሎ መጥረግ፣ የጠላ ጋን ማንቀሳቀስ፣ ከምንጭ ዳር ልብስ ማጠብና መጭመቅ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቅሩ። እንጀራ ጋገራ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ሊጀመር ይችላል፤ ሊጡን ሌላ ሰው ተሸክሞ አቅርቦላቸው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጢሱ የሚወጣበት ተከፍቶ። ጢሱን የምንጠቅሰው ለሳሉ ነው። ዘወትር የሚያስል ሰው በቀን መቶ ጊዜ ስፌቱን ይመታዋል። ሳል ካለባቸው ከመሄዳቸው በፊት ይታከም፤ ሲያስሉም ተቀምጠው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ ሆዳቸው ላይ ትራስ አቅፈው ይሁን።

እንግዲህ ርዕሱ ላይ ያነሳነው ጥያቄ ለእናትሽ የሚቀርብ አይደለም። “አትሸከሚ” የሚል ምክር ብቻውን ውሃ በሌለበት ቤት ምንም አይፈይድም፤ ማሰሮው ባዶ ከሆነ ይነሳሉ። ስለዚህ አገር ቤት ከመግባታቸው በፊት ለወንድምሽና ለአባትሽ ደውለሽ ሦስት ነገር በስም አስወስኚ፦ ጠዋት ውሃ የሚቀዳው ማን ነው፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል ወይስ ከማን ይገዛል፣ እንጨቱን ማን ይለቅማል። አህያ ካላችሁ ውሃውን አህያው ያምጣው። “እንተጋገዛለን” የሚል መልስ አትቀበዪ፤ እንተጋገዛለን የተባለ ሥራ መጨረሻው እናት ላይ ነው የሚያርፈው። ለጎረቤት የሕመሙን ስም መንገር ግዴታ አይደለም። “ኦፕራሲዮን ሆና ነው፤ ሐኪም እስከ ሰኔ ከባድ ነገር ከልክሏታል” ማለት በቂ ነው። ምንም ካልተባለ ግን ሰው ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ሴት ብቻ ነው የሚያየው፤ እናትሽ ያንን ዓይን ሸሽተው እንስራ እንዳያነሱ።

ስለ ጾሙ የምንለው በአክብሮት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ፣ እሳቸው ሲፈቅዱ እናትሽም በሰላም ይቀበሉታል። ቢያንስ ውሃና መድኃኒት ሰዓት አይጠብቅላቸው። ከሥጋና ከወተት ቢከለከሉ እንኳ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ በየማዕዱ ይኑር፤ ቁስል የሚጠገነው በእነዚህ ነው። ከምግቡ ይልቅ የሚያሰጋን ስግደቱ ነው። መሬት ወድቆ መነሳት የሆድን ግፊት ደጋግሞ ይጨምራል፤ በስቅለት ዕለት ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ነው። ዘንድሮ በአንገት ዝቅ ማለት ይብቃቸው፤ ቅዳሴውንም ተቀምጠው ያስቀድሱ። ለፋሲካ ደግሞ ድግሱን ለማዘጋጀት ወገባቸውን እንዳይታጠቁ ቀድመሽ ተከላከዪ፤ ሽንኩርት ተቀምጠው ይላጡ፣ ከዚያ በላይ አይሂዱ።

ወይባው ይቅር። ትኩስ ጢስ ላይ መቀመጥ ገና ያልገጠመ ስስ ሥጋን ያቃጥላል፣ ያደርቃል፣ የሚጠግነው ነገር የለም። ጸበል ከፈለጉ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይሁን፤ ከላይ ሲረጩ ወይም ሲፈስባቸው እንጂ ገብተው አይዘፈቁ፣ እስኪያስመልሳቸውም አይጠጡ። ማስታወክ ሆድን ከሳል በላይ ይጨምቃል።

መቼ ይሂዱ? ከቻልሽ እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ፣ እስከ ሚያዝያ 10 ድረስ፣ እጅሽ ላይ ይቆዩ ብለን አጥብቀን እንመክርሻለን። እንቢ ካሉ ቢያንስ አራተኛው ሳምንት ይሙላ። አዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመሐል ወንበር ያዢላቸው፣ የኋላው ይነጥራል። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ሽንታቸውን አይያዙ። ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለው ነው ይበልጥ የሚጎዳው፤ ጋሪም በቅሎም እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቅርባቸው። ሩቅ ካልሆነ እያረፉ በእግራቸው ቢሄዱ ይሻላል፤ ጓዙን ወንድምሽ ይያዝ።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ሕመም ከሌለ፣ ከታች ሆኖ ፊኛውንና አንጀቱን የሚደግፈውን ጡንቻ ማጠንከር ይጀምሩ። ጋዝ እንዳያመልጣቸው እንደሚይዙ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፤ ሆድ፣ ጭንና መቀመጫ አይኮማተሩ፣ ትንፋሽ አይታፈን። በመጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ይዞ ያንኑ ያህል ማረፍ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እየጠነከሩ ሲሄዱ እስከ አሥር ሰከንድ ይድረሱ። ቡና ሲፈላ ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ማንም አያይም። ሽንት እየሸኑ ግን አይለማመዱት። ከማሳልና ዕቃ ከማንሳት በፊት ቀድሞ ጨብጦ መያዝን ከለመዱ ለዕድሜ ልካቸው ይጠቅማቸዋል። ለውጡ እስኪታይ ሦስት ወር ይፈጃል።

የአባትሽን ነገር ማፈርሽ ያለ ነው፤ ልጅ ለአባቷ ይህን እንድትናገር አገሩም አይጠብቅም። ግን ሳይነገር አይቅር። ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያም በሐኪም ታይቶ “ድኗል” እስኪባል ግንኙነት አይደረግም፤ ቀድሞ ከተደረገ የብልቱ ጫፍ ስፌት ሊከፈት ይችላል፣ ያ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። የሚናገርልሽ ሰው ፈልጊ፦ አጎትሽ፣ ወይም የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወይም ከሆስፒታሉ ያለች ነርስ በስልክ። ከሁሉ የተሻለው አባትሽ ራሳቸው ለሚያዝያ 10 ቀጠሮ መጥተው ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙ ነው። ሐኪሙ እዚያው እንዲነግራቸው የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ፦ ማህፀን መውጣቱ ሴትነትን አያጠፋም፣ ሲድን ግንኙነት ይቻላል፣ መጀመሪያ ላይ መድረቅና መጥበብ ካለ በቀስታ መሆን አለበት፣ ሕመም ከቀጠለም በብልት የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም ሊታዘዝ ይችላል። እናትሽም ይህን ሲባል አጠገባቸው ሆነው ይስሙ።

ዛሬ ግን የመጀመሪያ ሥራሽ ሆድ ድርቀቱ ነው። ማለስለሻው ተሰጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቀመጡ፣ ወይም ሆዳቸው ተነፍቶ ጋዝ እንኳ እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻቸው ሂጂ። የመውጫ ወረቀቱንም ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት፤ ዋናው ቅጂ ከእናትሽ ጋር ይሂድ፣ ጀርባው ላይም የሆስፒታሉን የማህፀን ክፍል ስልክ ጻፊበት።